ጉራሚ በጊንጪ

ሻጩ «ጉራሚ» ነው ያለኝ፤ እኔ የሰማሁት «ገራሚ» ነው።

አዲስ አበባ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ሱቅ ውስጥ፣ ቡልቅ ቡልቅ በሚል መስታወት ፊት። «ይሄ ሰማያዊውስ ምንድን ነው?» አልኩት። «ጉራሚ።» «ገራሚነቱንማ እያየሁት ነው፤ ስሙን ነው የጠየቅሁህ።» «ስሙን ነውኮ የምነግርህ!» ሦስተኛው ላይ ተግባባን። «ባለ ሦስት ነጥብ» የሚባለው ዓይነት እንደሆነም ጨመረልኝ። ጎንበስ ብዬ ብቆጥር ነጥቡ ሁለት ነው፤ አንዱ ጎኑ ላይ፣ አንዱ ጅራቱ ሥር። በጎዶሎ ጣሳ እየተሰፈረልኝ ያደግሁ ሰው ነኝና ወዲያው ደሜ ፈላ። «ሦስተኛው ዓይኑ ነው» አለኝ፣ ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ።

«ጠባዩስ?»

«ሰላማዊ ነው። ከማንም ጋር ተስማምቶ ይኖራል።»

ይህችን ቃል በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ሰምቻታለሁ። መጀመሪያ የነገረኝ አሁን የምኖርበትን ቤት ያከራየኝ ደላላ ነው፤ ስለ ጎረቤቶቼ። ከዚያ መማር ነበረብኝ፤ አልተማርኩም። ሦስት ጉራሚ፣ አራት ታይገር ባርብና ስድስት ጋፒ በፌስታል አሳስሬ ወጣሁ።

ወደ እኛ አገር፣ ወደ ጊንጪ የሚያመላልሰውን ሚኒባስ ሕዝቡ «ዶልፊን» ብሎ ነው የሚጠራው። ዓሣዎቼ በዶልፊን ሆድ ተሳፈሩ ማለት ነው። ፌስታሉን ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ ተቀመጥኩ። ቡራዩን እንዳለፍን ከጎኔ ያሉ ሽማግሌ አጮልቀው ዐዩና «ቁርጡሚ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ዓሣ ነው።»

«ይቺን የምታህል ለስንት ሰው ትደርሳለች?»

«አይበላም አባባ፤ የሚታይ ነው።»

ዝም አሉ። መናገሻ አለፈ፣ ሆለታ አለፈ። አዲስ ዓለም ልንገባ ስንል ወደ እኔ ዞረው፣ ሲያብሰለስሉት የቆዩትን ጥያቄ አወጡት፦ «ታይቶስ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ደግነቱ ከኋላ ወንበር «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» የሚል ክርክር ተነሣና ነፃ ወጣሁ። መኪናው ለሁለት ተከፈለ፤ ረዳቱ ሳይቀር ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ገባበት። የእኔ ዓሣ የማይበላ መሆኑን የሚያስታውስ አልነበረም። እኔም፣ አጎታቸው የሚባለው ትልቁ የጉራሚ ዓይነት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተጠብሶ በሩዝ እንደሚቀርብ ባውቅም፣ አፌን ዘጋሁ። እንዲህ ያለ መረጃ ለተራበ ሰው አይነገርም።

ሙቀቱ ሲበዛ ኋላ ያለ አንድ ተማሪ መስኮት ከፈተ። ያን ጊዜ በጾሙ ክርክር ያን ያህል የተለያየው ሕዝብ በአንድ ድምፅ «ዝጋው!» አለ። ነፋስ ይመታል፤ ብርድ ይገባል፤ የአንዷ ሴትዮ ወገብ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው። በዚያ ጩኸት ውስጥ ከሁሉ በላይ የጮኹት፣ አፍ ቢኖራቸው፣ ጭኔ ላይ ያሉት ሦስቱ ጉራሚዎች ይሆኑ ነበር።

ምክንያቱም ጉራሚ ብርድ ይመታዋል። ቀልድ አይደለም። ይህ ዓሣ እንደ ማንኛውም ዓሣ ስንጥብ አለው፤ ነገር ግን የተወለደበት ደቡብ ምሥራቅ እስያ ረግረጉና የሩዝ ማሳው ውሃ ረግቶ የሚውል ስለሆነ፣ ኦክስጅኑ ለስንጥብ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ ከስንጥቡ በላይ፣ ራሱ ውስጥ፣ እንደ ጓዳ የተጠማዘዘ ሌላ መተንፈሻ ተሰጥቶታል። «ላቢሪንት» ይሉታል፤ መውጫው የጠፋበት ቤት እንደ ማለት ነው። በየደቂቃው ብቅ ይላል፣ ከላይ አንድ ጉንጭ አየር ይጎርሳል፣ ይመለሳል። ወደ ላይ የሚወጣበትን ብትዘጋበት፣ ዓሣ ሆኖ ሳለ ውሃ ያፍነዋል። የሚጎርሰው አየር ደግሞ እንደ ውሃው ሞቅ ያለና ረጠብ ያለ መሆን አለበት፤ የጊንጪን የሌሊት አየር በቀጥታ ከሳበ ሊታመም ይችላል። ለዚህ ነው ገንዳው ክዳን የሚኖረው። እንግዲህ «መስኮቱን ዝጉት» የሚል ዓሣ ከእኛ ሌላ የማን ዘመድ ሊሆን ይችላል?

(አገራችንም እንዲህ ያለ ባለሙያ አላት፤ አምባዛ። እሱም ከስንጥቡ ሌላ አየር መሳቢያ አለው፤ ገበያ ላይ ከውሃ ወጥቶ ሰዓታት ካለፉ በኋላ እየተንፈራገጠ ገዢ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው። ልዩነቱ፣ አምባዛ የሚወደደው በድስት ነው።)

ገንዳውን ያሠራሁት ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ መስኮት ከሚገጥም ባለ መስታወት ቤት ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 40፣ ወርዱ 30 ሳንቲም፤ ሲሞላ 120 ሊትር። ይህ በእኛ ቋንቋ አንድ ኩንታል ጤፍ ከሃያ ኪሎ ምርቃት ጋር ነውና፣ የመጀመሪያው ጠረጴዛ እግሩን ሳይሰናበት ነው የተከፈለው። ሁለተኛውን በብሎኬት አስደገፍኩት።

አከራዬን እማማ እላቸዋለሁ፤ ጠላ ይጠምቃሉ። ያን ወር ሙሉ በየጠዋቱ በራፌ ላይ ቆመው ያዩኛል። እኔ ባዶ ገንዳ ውስጥ ቆንጥሬ ቆንጥሬ የዓሣ መኖ እበትናለሁ። በሳምንቱ ሠፈሩ ውስጥ «ሰውዬው ውሃ ይቀልባል» የሚል ወሬ ተነዛ። ሚስቴ ወንዝ ስትወርድ አንዲት ጎረቤት በሹክሹክታ፣ ጠበል ብንሞክር ጥሩ እንደሆነ መከረቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ የሚበላውም የሚያወጣውም ውሃው ውስጥ ስለሆነ፣ ቆሻሻው ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ይህን አሞኒያ በልተው ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ሌሎች በልተው ጉዳቱ ቀላል ወደሆነው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን የሉም። እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ በባዶው መቀለብ ነው። ይህን ለእማማ በሳይንስ ቋንቋ ሩብ ሰዓት አስረዳኋቸው። ሰምተው ሰምተው፣

«ታዲያ ጥንስስ ነው አትልም?» አሉኝ። «እርሾው ሳይነሣ ማን ይጠጣዋል?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሠፈሩ ተረጋጋ። ውሃው የሚቀለብ ሳይሆን የተጠነሰሰ ሆነ፤ ሰዎች በበራፌ ሲያልፉ «ደረሰ?» ይሉኛል።

ዓሣዎቹ የገቡ ዕለት ሰላም ነበር። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ጉራሚ ሲዋኝ ማየት ደስ ይላል፤ ከሆዱ ሥር ሁለት ክንፎቹ እንደ ክር ረዝመው ወጥተዋል፤ በእነሱ የሚነካውን ነገር ይዳስሳል፣ ይቀምሳል። ድንጋዩን ዳሰስ፣ መስታወቱን ዳሰስ፣ ጎረቤቱን ዳሰስ። ለቅሶ ቤት የገባ ሽማግሌ የተቀመጠውን ሁሉ በየተራ ትከሻ እየነካ እንደሚያልፍ ያለ ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን አንዱ ክር አጠረ። በአራተኛው ሁለቱም ከሥራቸው ጠፉ። ወንጀለኞቹን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም፤ አራቱ ታይገር ባርቦች፣ ባለ ጥቁር ሸንተረሮቹ፣ የተንጠለጠለ ነገር ካዩ ነከስ ሳያደርጉ አያልፉም። በብዛት፣ ስምንት ዐሥር ሆነው ሲኖሩ እርስ በርሳቸው ሲሯሯጡ ይውላሉ እንጂ ሌላው ላይ ብዙም አይደርሱም። አራት ሲሆኑ ግን ሥራ እንደፈታ ጎረምሳ ናቸው፤ የመንገዱ ጥግ ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ይለክፋሉ። አምቦ ያለ አንድ ወዳጄ ባርብ ብቻ ያረባል፤ ለእሱ ሰጠኋቸው። ክሮቹ ቀስ በቀስ መልሰው አደጉ። እኔም ጠቡ አለቀ ብዬ አረፍኩ።

ከዚያ ሁለቱ ጉራሚዎች ተያያዙ።

ሻጩ «አንድ ወንድ ሁለት ሴት» ብሎኝ ነበር። ወንዱ የጀርባ ክንፉ ጫፍ ሾል ይላል፤ የሴቷ ክብ ነው። መነጽሬን አድርጌ ብመለከት ሁለት ሹል አንድ ክብ። ሁለቱ ወንዶች ክንፋቸውን እንደ ጃንጥላ ዘርግተው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ይለካካሉ፤ ከዚያ አንዱ ሌላውን ከዳር እስከ ዳር ይነዳዋል። የተሸነፈው አንድ ጥግ፣ ከማሞቂያው ጀርባ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ተለጥፎ ይውላል። አየር ለመጉረስ ብቅ ባለ ቁጥር ያኛው ደርሶ ይመልሰዋል። መተንፈስን የከለከለ ጎረቤት እኔም በዚህ ግቢ ውስጥ ዐይቼ አላውቅም፤ ቧንቧ የሚከለክል ግን አለን።

የሚገርመው፣ ጋፒዎቹን እምብዛም አይነካቸውም። ታች ያለውን ጠጠር ዞር ብሎ አያይም። ጠቡ ከሚመስለው ጋር ብቻ ነው። ይህን ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊው ስነግራቸው ጋሼ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ምኑ ይገርማል? እኔ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ተጣልቼ ታውቃለህ? ከድንች ሻጯስ? እንቅልፍ የሚነሣኝ ያ ከድልድዩ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤቴ ጃርሱማ፣ ማለትም ሽምግልና፣ ተቀመጠ። እንዲህ ስል ጠርቻቸው ማለቴ አይደለም፤ ጉዳዩ ሲሰማ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው መጡ። በእኛ አገር ጠብ ተሰምቶ ዝም የሚባል ነገር የለም። እማማ፣ ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር፣ እንዲሁም የእማማን ጠላ የሚያዘወትሩ ሁለት ሰዎች ወንበር ይዘው ገንዳው ፊት በግማሽ ክብ ተቀመጡ። መጀመሪያ በዳይና ተበዳይ ተለየ። ይህ ራሱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣ ምክንያቱም ከሁለቱ ወንዶች የትኛው የትኛው እንደሆነ በየመሀሉ ይጠፋቸዋል፤ አንድ ጊዜማ ለበዳዩ አዝነው ከንፈር መጠጡለት። መምህሩ «ካሣ» አሉ። ከጠላ ጠጪዎቹ አንዱ «አንዱን እንብላው» አለ፤ ድምፁ ብቻውን ቀረ።

ውሳኔውን የሰጡት እማማ ናቸው። ሲጀምሩ ለዓሣዎቹ እንኳ አልተናገሩም፤ ለእኔ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄን ቤት ራቁቱን አስቀምጠኸዋል። ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ይተያያሉ። እኔ ያችን የኋላ ክፍል ለሁለት ተከራይ ያከራየሁት ምን አድርጌ ይመስልሃል? መጋረጃ ጋርጄ ነው። ከተያዩ ይጣላሉ። ካልተያዩ አንዱ ያንዱን መኖር ይረሳዋል።»

በኋላ በዚህ ሙያ የተሠማሩ ሰዎች የሚጽፉትን አንብቤ አመሳከርኩ። የእማማን ቃል ነው በሌላ አማርኛ የሚሉት፦ ገንዳውን በተክል፣ በድንጋይና በእንጨት ሥር ከፋፍል፤ አንዱ ከዳር ሆኖ ሌላውን እንዳያይ አድርግ፤ ከላይ ተንሳፋፊ ተክል አኑር፤ የፊልተሩ ውሃ በኃይል እንዳይገፋ፤ ወንዱ አንድ፣ ሴቶቹ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይሁኑ። ከቤት ኪራይ ጋር አያይዘው ያላስቀመጡት ተከራይተው ስላላወቁ ይሆናል።

መጋረጃ ፍለጋ ጭልሞ ሄድኩ።

ጭልሞ ከጊንጪ በስተ ሰሜን፣ በእግር የሚደረስበት ደን ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ እርስ በርሱ ተቃቅፎ፣ ከበላዩ ጉሬዛ ነጭ ካባውን እያወዛወዘ ይዘላል። ከዚህ አካባቢ ጉብታና ምንጭ ነው አዋሽ የሚነሣው፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያበቃው፣ ባሕር ዐይቶ የማያውቀው አዋሽ። እዚህ ላይ አንድ እርምጃ ትዘለዋለህ። ሱሪዬን ሰብስቤ ጅረቱ ውስጥ ገባሁና እንደ እንቁላል የለሰለሱ ድንጋዮች መረጥኩ። ከድንጋዩ ሥር ጣት የማታህል ዓሣ ሾልካ ሄደች። ማንም «ሰላማዊ ናት» ብሎ ያልሸጣት፣ ማሞቂያ የማትጠይቅ፣ የአገር ልጅ። ለአፍታ ቅናት ቢጤ ያዘኝ።

ከጅረቱ ወጥቼ አንድ የደረቀ የጥድ ሥር አየሁ። እጅግ ያምራል፤ እንደ ጣት ተዘርግቷል። አንስቼ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥ እንዳደረግሁ ከኋላዬ ጉሮሮ ተጠረገ። ደን ጠባቂው ናቸው። ጭልሞ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ጀምሮ ነዋሪው ተደራጅቶ የሚጠብቀውና የሚጠቀምበት ደን ነው፤ ጠባቂዎቹም ደኑን እንደ ቤተ ዘመድ ነው የሚያውቁት።

«ምን ያዝክ?»

«ኦቦ፣ የደረቀ ነው፤ ወድቆ ነው ያገኘሁት።»

«ለምን ፈለግኸው?»

ውሸት አልመጣልኝም። «ለዓሣ መጋረጃ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ዱላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ ለወጡ።

«ለማገዶ ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ለሞፈር፣ ለማገር፣ ለልጅ ክርስትና ድንኳን ካስማ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ለዓሣ መጋረጃ ግን» አሉና ሥሩን ከብብቴ ተቀብለው ወደነበረበት መለሱት፤ «የመጀመሪያው አንተ ነህ።»

ደግ አደረጉልኝ። ጥድ ሙጫና ዘይት ስላለው ለዓሣ ገንዳ አይሆንም፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ድንጋዮቹን አይተው እንዳላዩ ለቀቁልኝ።

ለእንጨቱ ምትክ የሰጡኝ እማማ ናቸው፤ ሆዷ የተነደለ አሮጌ ጀበና። አንገቷ ደህና ነው፣ ጆሮዋም አለ፤ በጎኗ ግን ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ። ጥላሸቷ እስኪለቅ ፈትጌ፣ ሁለት ጊዜ በፈላ ውሃ ዘፍዝፌ አስገባኋት። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ተክል ከግራና ከቀኝ ተከልኩ፤ ላዩን በተንሳፋፊው ሸፈንኩ። ያን ዕለት ማታ ሴቷ ጉራሚ ጀበናዋን ዞረቻት፣ በክሮቿ አፏን ዳሰሰች፣ ጆሮዋን ዳሰሰች፣ ከዚያ በቀዳዳው ገብታ ዓይኗን ብቻ አስቀረች። ሦስተኛው ነጥብ ማለት ያን ጊዜ ገባኝ። ወንዱ ሦስት ጊዜ በአጠገቧ አለፈ፤ አላያትም። ከጀበና የወጣ ሰላም ከዚህ በፊት የማውቀው ሦስተኛው ስኒ ላይ ነበር።

ሰላሙ ሁለት ሳምንት ቆይቶ በፍቅር ፈረሰ። ወንዱ ተንሳፋፊው ተክል ሥር አረፋ መትፋት ጀመረ። አየር ይጎርሳል፣ በምራቁ ይለውሰዋል፣ አንድ በአንድ ከላይ ይለጥፋል፤ ሲፈርስ ይጠግናል፣ ቅጠል ይማግርበታል። ቤት እየሠራ ነው። እንቁላሉ ሲመጣ ተንሳፍፎ እዚያ ያርፋል፤ የወደቀውን በአፉ ለቅሞ ይመልሳል፤ አራሱ እሱ ነው። ሴቷ ሥራዋን ስትጨርስ ከአካባቢው ትባረራለች፤ የማይሄድ ሁሉ ይነከሳል። ጋፒዎቹ ሳይቀሩ አንድ ጥግ ተከማችተው ዋሉ።

ይህን ሁሉ ለቤተሰቤ አስረድቼ፣ «ማንም እንዳይነካ» ብዬ ሥራ ሄድኩ። ማስጠንቀቂያው እማማ ጋ አልደረሰም። ስመለስ ጭልፋ ይዘው ክዳኑን እየከደኑ ነው።

«አረፋውን ገፈፍኩልህ» አሉኝ፣ «እንደ ሥጋ ቅቅል አድርጎ ነበር።»

ዓሣው መሀል ላይ ቆሞ ነበር። ስለ ዓሣ ፊት ብዙ ማለት አይቻልም፤ ግን ቤቱ በግንባታ ሕግ ጥሰት የፈረሰበት ሰው እንዲህ ቆሞ ዐይቻለሁ። አመሻሹ ላይ እንደገና መትፋት ጀመረ።

አማቴ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው፤ ከጉደር። አማቴ ደግና ንቁ ሴት ናቸው፤ ነገር ሲያዩ መፍትሔውን አብረው ያያሉ። ገንዳው ፊት ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ ጉራሚዎቹን ታዘቡ። ብቅ ይላሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይጎርሳሉ፣ ሲመለሱ ከስንጥባቸው አረፋ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ዐዩ። ምርመራቸውን ለማንም አልነገሩም። ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ነፍቷቸዋል፤ እያገሱ ነው። ለሆድ መነፋት መድኃኒቱ ደግሞ በዚህ አገር አንድ ነው፤ በፈረንጆቹ 1930 መታሸግ ከጀመረ ወዲህ የወለጋ መንገደኛውንም የሠርግ ቤት እድምተኛውንም ሲያስገሳ የኖረው።

ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ገለበጡበት።

ከገበያ ስገባ ገንዳው እንደ ሻምፓኝ ብርጭቆ ነው። አምቦን የሚያፈላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ያ ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲበዛ የዓሣ ደም የራሱን ማውጣት ያቅተዋል። ጋፒዎቹ አፋቸውን ከፍተው ላዩ ላይ ተሰብስበዋል። ጉራሚዎቹ ከላይ አየር የሚስቡ ናቸውና ከእነሱ ይሻላሉ፤ ቢሆንም ፈዘዋል። ክሎሪኑ እንዲሄድለት ብዬ ከትናንት ጀምሮ በጀሪካን ያሳደርኩት ውሃ ነበር፤ ግማሹን ገንዳ በጆግ ቀድቼ ደፋሁ፣ ያደረውን ሞቅ አድርጌ ሞላሁ፣ የአየር ፓምፑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ጋዙ ውሃው ሲናጥ ይወጣል፤ ጠርሙስ ከፍተው የተዉት አምቦ የሚሞተው በዚሁ ነው። ሁለት ጋፒ አለቀብን።

አማቴ ሐዘናቸው ልባዊ ነበር። ጥፋታቸውን ግን በትክክል ያገኙት አይመስለኝም። «ከፍሪጅ አውጥቼ መስጠቴ ነው» አሉ።

በሳምንቱ መብራት ሄደ። ጊንጪ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጥቅምት ሌሊት ሣሩ ነጭ የሚሆንበት አገር። ጉራሚ ደግሞ 25 ዲግሪ ግድም ካልሆነ አይመቸውም። ቴርሞሜትሩ 24 አለ፤ 23 አለ። እኔ ከክፍል ክፍል ስንቆራጠጥ አማቴ ተነሥተው ጋቢዬን ከትከሻዬ ገፈፉና ገንዳውን ጠቀለሉት፤ ነጠላ ደረቡበት፤ ፊት ለፊት ትንሽ ለዓይን ተዉለት። ከዚያ ከሰል አቀጣጥለው ውሃ አፈሉ። ሲበርድለት ያን ባዶ የአምቦ ጠርሙስ ሞልተው፣ ቡሹን አጥብቀው ውሃው ላይ አንሳፈፉት። ሲቀዘቅዝ እየለወጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ተቀመጡ። ሁለቱም ጉራሚ ጠርሙሱ ሥር ተጠግተው አደሩ፤ ወንዱና ሴቷ፣ ያ ሁሉ መነካከስ ተረስቶ።

ጠዋት መብራት ሲመጣ አማቴ ጋቢውን እያነሡ «አምቦ ያድናል አላልኩም?» አሉኝ።

ሁለት ብዬ የጻፍኩት ሦስተኛው ቀደም ብሎ ስለወጣ ነው። መጋረጃው ሴቷን አዳናት እንጂ ሁለት ወንድ በ120 ሊትር ውስጥ አላስማማም። የተሸነፈውን ጋሼ ወሰዱት፤ ከልብስ ስፌት መኪናቸው አጠገብ ሠላሳ ሊትር የምትይዝ ገንዳ አሠርተው፣ ክዳንና ማሞቂያ ገጥመው። ብቻውን ነው፤ በቀን ሁለቴ ይበላል፤ ማንም አይነዳውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀለሙ ተመለሰ፣ ክንፉ ቀና አለ።

ችግሩ ጋሼ ልብስ ሰፊ መሆናቸው ነው። ደንበኛ የሚለካበት ትልቅ መስታወት ግድግዳው ላይ አለ፤ ልክ ከገንዳው ትይዩ። ጉራሚው በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰማያዊ ወንድ ከማዶ አየ። ክንፉን ዘረጋ፤ ያኛውም ዘረጋ። ወደ ፊት ሄደ፤ ያኛውም መጣ። ያ በእኔ ቤት ጥግ ይዞ የሚለጠፈው ፍጡር ቀኑን ሙሉ ሲፎክር ዋለ። ከዚያ ወዲህ ሱሪ የሚያሳጥር ሁሉ ልኩን ረስቶ ቆሞ ያየዋል፤ የድልድዩ ማዶው ልብስ ሰፊ ደንበኞችም መምጣት ጀምረዋል ይባላል። «መስታወቱን አንሡለት» ብላቸው ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ነካህ፤ ሰውስ በምን ይለካ?»

ታዲያ ማታ ሲዘጉ አይቻቸዋለሁ። መኪናውን ይሸፍናሉ፣ መርፌውን ይቆልፋሉ፣ ከዚያ የባለቤታቸውን አሮጌ ነጠላ ከምስማር አንስተው መስታወቱ ላይ ጣል ያደርጋሉ። ጉራሚው ጥቂት ይቆማል፤ ያ ሰው የት ሄደ እንደ ማለት። ከዚያ ክንፉን ያጥፍና ወደ ታች ይወርዳል፤ ጋሼም መብራቱን ያጠፋሉ።